ያልሠሩትን አለመጻፍ፣ የሠሩትን አለመተው፦ የሥራ ታሪክና እውነት ከሸዋ ሮቢት ሲታዩ

በሸዋ ሮቢት ሥራ ፈላጊ ወጣት የሚይዘው ሲቪ ብዙ ጊዜ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የቋንቋና የኮምፒውተር ችሎታ፣ የሥራ ልምድ ይደረደሩበታል። ከግርጌው ደግሞ «ከላይ የሰፈረው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» የሚል ቃል ይከተላል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በዚያ ቃል ላይ ነው። ሰው ሳያምንበት የሚፈርመው ለምንድን ነው? የሐሰቱ ጉዳት የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በእኛ ሀገር ኑሮ እውነተኛ የሥራ ታሪክ ምን መምሰል አለበት?

ጥያቄውን ከይፋት ቆላ ሆኖ መመልከት የተለየ ጥቅም አለው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማበር ቁልቁል ተወርዶ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው የቀወት ወረዳ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማሽላና ትንባሆ ይመረታሉ። የሚያርሰው፣ የሚያጠጣው፣ የሚመዝነው፣ የሚጭነውና የሚደልለው ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ግን በደብዳቤ የሚመሰከርለት ጥቂቱ ነው። ወጣቱ ወደ ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች፣ ወደ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ወይም ወደ ዓረብ ሀገር ሲነሣ ግን በየደረሰበት የሚጠየቀው ወረቀት ነው። ሥራ ሞልቶ ወረቀት በሌለበትና ወረቀት ተጠይቆ ሥራ በማይታይበት ቦታ መካከል ነው ሐሰት የሚበቅለው።

ስለ ሲቪ እውነተኝነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው የጉዳዩን ግማሽ ነው። ያልሠሩትን መጻፍ ሐሰት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የሠሩትን መተውም እውነትን ማጉደል መሆኑን ግን እምብዛም አናነሣም። ሁለቱ አንድ ላይ ካልታዩ መፍትሔውም ጎዶሎ ይሆናል።

የሐሰቱ ዓይነቶች

ሐሰት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ከነማኅተሙና ከነፊርማው የተፈበረከ ዲግሪ፣ ዲፕሎማ ወይም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ዜና የሚሆነውም ይኸው ነው። በ2006 ዓ.ም. ገደማ «ዶክተር ኢንጂነር» እየተባለ በመገናኛ ብዙኃን ሲቀርብ፣ በየአዳራሹ ወጣቶችን ሲመክር የነበረ ሰው የትምህርት ታሪኩ ሐሰት ሆኖ መገኘቱ ሀገሩን ሁሉ አስደንግጦ ነበር። ያኔ ብዙ የተባለው ስለ ሰውየው ድፍረት ነው። ማዕረጉን አንድም ጊዜ ሳያጣሩ መድረክ የሰጡት ተቋማት ግን ሊጠየቁ የሚገባውን ያህል አልተጠየቁም።

ሁለተኛው ማኅተሙ እውነተኛ፣ ይዘቱ ሐሰት የሆነ ወረቀት ነው። የዘመድ ወይም የጓደኛ ድርጅት ላልሠራ ሰው «ሁለት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግሏል» ብሎ ይጽፍለታል። ድርጅቱ አለ፣ ፊርማው የባለቤቱ ነው፣ ስልኩም ቢደወልበት ይነሣል። የሌለው ሥራው ብቻ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ወንጀል እየሠራሁ ነው ብሎ አያስብም፤ «ልጁን ልርዳው» ነው የሚለው። ከተፈበረከው ዲግሪ ይልቅ በስፋቱ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ክፉ ሰዎችን አይጠይቅም፣ ደግ ሰዎች ይበቁታል።

ሦስተኛው ባለቤቱ ራሱ የተታለለበት ነው። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ዕውቅና ሳይኖራቸው በአንድ የትምህርት መስክ ያስተምራሉ ወይም የመግቢያ መስፈርት ያላሟላ ተማሪ ይቀበላሉ። ተማሪው ከፍሎ፣ ተምሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመረቃል። ወረቀቱ እንደማይቆጠርለት የሚያውቀው ለቅጥር ሲያቀርብ ነው። እርሱን ከሐሰተኛ ማስረጃ ገዢ ጋር አንድ ላይ መፈረጅ ግፍ ነው። ይህን ካወቀ በኋላም ዝም ብሎ ማስረጃውን ካቀረበ ግን ያኔ ጉዳዩ የራሱ ይሆናል።

አራተኛው ሁሉም ሰው የሚያልፈው ትንሹ ማጋነን ነው። «እንግሊዝኛ፦ በጣም ጥሩ»፣ «ኮምፒውተር፦ ዎርድ፣ ኤክሴል፣ አክሰስ፣ ፓወር ፖይንት»፣ «በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል»። እነዚህን መስመሮች ብዙውን ጊዜ ሥራ ፈላጊው አልጻፋቸውም። ከጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ካለ የሌላ ሰው ሲቪ ስም ተቀይሮ የወጡ ናቸው። የሚተይበው ልጅ በቅን ልብ «ይሄ ይጨመርበት፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ይላል። እንዲህ ሆኖ አንድ ሰው የሥራ ሕይወቱን የመጀመሪያ ሐሰት ሳያነበው ይፈርምበታል።

ሐሰቱ ለምን በረከተ?

አንዱ ምክንያት ወረቀቱ ራሱ ስለ ባለቤቱ የሚናገረው ነገር ማነሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው እንዲሰረዝና በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ ግድ ሆኖ ነበር። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር፣ የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመትም ቁጥሩ 3.2 በመቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ከወሰዱት ከ150 ሺህ በላይ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች ያለፉት 40.65 በመቶ ናቸው። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17.2 በመቶ።

እነዚህ ቁጥሮች ወጣቱን ለመክሰስ የሚጠቀሱ አይደሉም። ቀደም ባሉት ዓመታት የትምህርት ወረቀትና ዕውቀት ምን ያህል ተራርቀው እንደነበር ያሳያሉ። አሥራ ስድስት ዓመት ተምሮ ወረቀት የያዘ ሰው ወረቀቱ የሚለውን ያህል እንዳልተማረ ልቡ ካወቀ፣ በሌላው ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጨመር ያን ያህል ከባድ አይሆንበትም። ሥርዓቱ ራሱ ያስተማረው ትምህርት ነው።

ሌላው ምክንያት የቅጥር ማስታወቂያው ነው። ለጀማሪ ቦታ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠየቃል። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፣ ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ የአመልካቹ ብዛት ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ሥራው በእውነት የማይፈልገውን መስፈርት የሚጽፍ ቀጣሪ ለሐሰቱ በሩን የከፈተው እርሱ ነው።

በደላላ እጅ የሚጻፍ ታሪክ

ከይፋት ቆላ፣ ከሰሜን ሸዋና ከደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የሚሄዱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ሲቪ ማለት በኤጀንሲ ወይም በደላላ እጅ የሚሞላ ቅጽ ነው፤ ሙሉ ቁመናን የሚያሳይ ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ምግብ ማብሰል፣ ልጅ መያዝ፣ ዓረብኛ፣ «የቀድሞ ልምድ»። ያልደረሰች ልጅ ዕድሜዋ ከፍ ተደርጎ፣ ክርስቲያኗ የሙስሊም ስም ወጥቶላት፣ ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ «ሁለት ዓመት ኩዌት የሠራች» ተብላ የሄደችበት ጊዜ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የ8ኛ ክፍል ትምህርትንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን የጠየቀው ሴቶቹን ለመጠበቅ አስቦ ነው። ትምህርት ቤት በራቀበት አካባቢ ግን እንዲህ ያለ መስፈርት ለደላላው የሚሸጥ ሌላ ወረቀት ይሆንለታል።

ይህ ሐሰት ከሁሉም በላይ የሚከፋ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ጽፎ የተጠቀመበት ሰው አይደለምና። አሠሪዋ ልምድ አላት ብሎ ስለሚጠብቅ ባልቻለችው ቁጥር ትሰደባለች፣ ትመታለች። ብትታመም፣ ፍርድ ቤት ብትቆም ወይም ብትሞት ደግሞ በሰነዱ ላይ ያለችው ሴት ሌላ ናት። ቤተሰብ ልጁን በስሟ ፈልጎ የማያገኝበት ሐሰት «ትንሽ ማስተካከያ» ሊባል አይችልም። የሲቪ ሐሰት ማንንም አይጎዳም የሚል ሰው ከዚህ ይጀምር።

ነገሩ ከዚያኛው ጫፍም መታየት አለበት። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ከእነዚህና ከዚያ በኋላ ከተመለሱት መካከል ለዓመታት አረጋውያንን የጠበቁ፣ ሕፃናት ያሳደጉ፣ ሙሉ ቤት ያስተዳደሩ፣ ዓረብኛን በአፍ የለመዱ ሴቶች አሉ። ሀገራቸው ገብተው ለሆቴል ወይም ለክሊኒክ ሥራ ሲያመለክቱ እነዚያ ዓመታት በሲቪያቸው ላይ ባዶ ናቸው። ደብዳቤ የሰጣቸው የለም፤ የቤት ሠራተኝነትንም መጻፍ ያሳፍራቸዋል። ስትሄድ ያልሠራችው ተጻፈላት፣ ስትመለስ የሠራችው ተሰረዘባት። ሁለቱም ሐሰት ናቸው።

ወረቀቱ የጠፋበት እውነት

በይፋት የወረቀት ጥያቄ ሌላም ቁስል አለው። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን ሲያዳርስ የተፈናቀለው ሰው ነፍሱን እንጂ ፋይሉን ይዞ አልወጣም። ከዚያ በኋላም በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ትምህርትንና ሥራን አቋርጧል። በትክክል የተማረ፣ በትክክል የሠራ ግን ማስረጃው የጠፋ ሰው፣ በእጁ ያማረ የሐሰት ወረቀት ከያዘ ሰው ጋር አንድ መስኮት ላይ ይሰለፋል። መስኮቱ ወረቀት ብቻ የሚያይ ከሆነ የሚያልፈው ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ሰው «ታማኝ ሁን» የሚል ምክር ብቻውን ጭካኔ ነው። መንገድ ሊጠቆመው ይገባል። የብሔራዊ ፈተና ውጤቱ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ሊጣራ ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የተመራቂዎቻቸውን መዝገብ የሬጅስትራር ቢሯቸው ይይዛል። በሲቪው ላይም «ዋናው ማስረጃ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ በደረሰው ቃጠሎ ጠፍቷል፤ ከተቋሙ ማጣራት ይቻላል» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር የሚያሳፍር አይደለም። በጦርነት የተቋረጠ ዓመትም እንደዚያው ነው። ክፍተቱን በተፈጠረ ሥራ መሙላት አያስፈልግም፤ የሆነውን መናገር ይበቃል።

ዝምታ መቼ ሐሰት ይሆናል?

ሲቪ የንስሐ መጽሐፍ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ሁሉ ሊሰፍርበት አይገባም። ሃይማኖትን፣ ብሔርን፣ የጋብቻ ሁኔታን አለመጻፍ ከሐሰት አይቆጠርም፤ ሥራው አይፈልጋቸውምና። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመና ብዙ የተጠቀሰ የአሜሪካ ጥናት፣ ይዘታቸው ተመሳሳይ ከሆኑ ሲቪዎች መካከል የነጭ ስም የያዙት የጥቁር ስም ከያዙት 50 በመቶ ያህል የበለጠ ጥሪ እንዳገኙ አሳይቷል። በስምና በትውልድ ቦታ ሰው የሚመዘንበት ሁኔታ በእኛም ዘንድ ሲኖር፣ ሥራው የማይጠይቀውን አለመናገር ራስን መጠበቅ ነው።

ሸዋ ሮቢት ትልቅ ማረሚያ ቤት ያለባት ከተማ በመሆኗ ሌላ ጥያቄም ይነሣባታል። ፍርዱን ጨርሶ የወጣ ሰው ያን ጊዜ ምን ብሎ ይጻፍ? የወንጀል ሕጉ ቅጣቱን ጨርሶ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ሕጋዊ መብቱና ስሙ እንዲመለስለት የሚጠይቅበትን መንገድ ከፍቷል። እስከዚያው ድረስ ያልተጠየቀውን አለመናገር ይችላል፤ ሲጠየቅ ግን መዋሸት የለበትም። በውስጥ ሳለ የተማረው ሙያ ካለ ደግሞ ሙያውን መጻፍ ይገባዋል። ለይቶ የሚያሳየን መለኪያ አንድ ነው፦ ዝምታው ቀጣሪው ሥራውን በተመለከተ ሐሰት እንዲያምን ያደርገዋል ወይ? ካደረገው ሐሰት ነው። ካላደረገው የግል ጉዳይ ነው።

ሕጉና ማጣሪያው

በሕግ በኩል ክፍተቱ ትንሽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ የሚያዘጋጀውንም፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ የሚገለገልበትንም ይቀጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የማታለል ወይም የማጭበርበር ተግባር ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ከሚያሰናብቱ ምክንያቶች አንዱ ነው። ብዙ ሠራተኛ የማያውቀውን መብትም ይኸው አዋጅ ይዟል፤ ሠራተኛው ሲጠይቅ ወይም ሥራ ሲለቅ፣ አሠሪው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። እውነተኛ ደብዳቤ በመብት የሚገኝ ከሆነ፣ በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሁሉ ደብዳቤውን ሳይለምን መጠየቅ አለበት።

ማጣራት የሚቻልበት መንገድም አለ፤ አንዱ የደመወዝ ግብር መዝገብ ነው። «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት» የሚለው የማስታወቂያ ሐረግ ከዚህ የመጣ ነው። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የጡረታ መዋጮ መዝገብ አለ። በእውነት የተቀጠረ ሰው በአንዱ መዝገብ ዱካ ይተዋል። ይሁንና መስፈርቱ ግብሩን ያልከፈለውን አሠሪ ትቶ እውነተኛውን ሠራተኛ የሚቀጣበት ጊዜ አለ። ሠራተኛው ሥራውን ሠርቷል፤ ግብሩን ያስቀረው ሌላ ነው። ማጣራት ሐሰትን ሲይዝ እውነትን አብሮ እንዳይጥል መጠንቀቅ ይገባል።

የሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ሀገሮች ታሪክ የሚያስተምረን አለ። ታንዛንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ባደረገችው ማጣራት ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ የመንግሥት ሠራተኞች በሐሰተኛ ማስረጃ መቀጠራቸው ተገልጾ ከሥራ ተሰናብተዋል። በኬንያም የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ከ2,000 በላይ ሐሰተኛ ማስረጃዎች መገኘታቸውን አስታውቋል። ዘመቻ ሐሰቱን ያወጣዋል። ሰው ከተቀጠረ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚደረግ ዘመቻ ግን ቤተሰብ ይበትናል፣ ክፍተት ይፈጥራል፣ ለበቀልም ያመቻል። ቅጥሩ ሳይፈጸም በፊት የሚደረግ ማጣሪያ ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

«ሥራውን ከቻለ ምን አለበት?»

ይህ ጥያቄ ተራ ማምለጫ አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የተማሪዎች ቅበላ ዲን የነበሩት ማሪሊ ጆንስ ለ28 ዓመታት ሠርተዋል፤ በሥራቸውም የተመሰገኑ ነበሩ። ሲቀጠሩ የሌላቸውን ዲግሪ እንዳላቸው አድርገው ማቅረባቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ታወቀና ሥራቸውን ለቀቁ። ችሎታ ነበራቸው፤ ታዲያ ምን ጎደለ?

ሁለት ነገር ጎድሏል። መጀመሪያ፣ ያን ቦታ በእውነት ብቻ ያመለከተ አንድ ሌላ ሰው ነበር። የሐሰት ሲቪ የሚጎዳው ሰው ብዙውን ጊዜ ስሙ የማይታወቅ ነው፤ ከዝርዝሩ የወጣው አመልካች። በሸዋ ሮቢት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ሲወጣ በእውነት አንድ ዓመት የሠራችው ልጅ «ሦስት ዓመት» ብሎ በጻፈው ተበልጣ ትቀራለች፤ ለምን እንደቀረችም አታውቅም። ሁለተኛ፣ ሐሰቱ ራሱን የጻፈውን ሰው ያስራል። ሌላ ቦታ ሲወዳደር፣ ሲሾም፣ ሲመሰገን ሁሉ የሚገለጥበትን ቀን ይፈራል። የሚያውቅበት አለቃ ወይም ባልደረባም የፈለገውን ያስፈርመዋል። ሐሰት የያዘ ሠራተኛ አይሆንም ለማለት አቅም የለውም፤ ሙስናም እንዲህ ዓይነቱን ሰው ይወድዳል። በክሊኒክ፣ በግንባታ፣ በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ በሰው ሕይወት ላይ ይደርሳል።

እውነተኛውን ሲቪ መጻፍ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሥራ ፈላጊው የምመክረው ይህ ነው። መጀመሪያ ከተገለበጠው ቅጽ ይውጣ። የሚተይብለት ሰው የጨመረውን መስመር ሁሉ አንብቦ፣ በቃል ፈተና ላይ ሊመልስበት የማይችለውን ያጥፋ። «እንግሊዝኛ በጣም ጥሩ» ከማለት «አነባለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ስናገር እቸገራለሁ» ይበል። ይህን የሚያነብ ቀጣሪ የቀረውንም መስመር ያምነዋል።

ቀጥሎ የሠራውን ሁሉ ይጻፍ። ወጣቱ «የሥራ ልምድ፦ የለም» ብሎ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። በቤተሰቡ መስኖ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላ፣ የውኃ ተራ የጠበቀ፣ በማሾ ወቅት ለነጋዴ ሚዛን የያዘና የዕለቱን ሒሳብ የመዘገበ ልጅ ልምድ አለው። «ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. በቤተሰብ እርሻ፤ የመስኖ ተራና የሽያጭ መዝገብ ይዤ ሠርቻለሁ። ደብዳቤ የለኝም፤ የውኃ አባቱና የገዙን ነጋዴ ይመሰክሩልኛል» ብሎ መጻፍ ይችላል። ለእርሻ ኅብረት ሥራ፣ ለመጋዘን፣ ለብድርና ቁጠባ ተቋም ይህ ከተገለበጠ የኮምፒውተር ዝርዝር የተሻለ ይናገራል። ከዓረብ ሀገር የተመለሰችውም የጠበቀቻቸውን አረጋዊና የለመደችውን ቋንቋ ሳታፍር ትጻፍ። የሌላትን ደብዳቤ መፈብረክ ግን አያስፈልጋትም።

ለቀጣሪውም የሚባል አለ። የማሾ ነጋዴ ጆንያ ሲገዛ ከላይ ያለውን አይቶ አይከፍልም፤ እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ከሥር ያወጣል። ቀጣሪም እንደዚያው ያድርግ። ለሒሳብ ሠራተኛ አንድ የሒሳብ ሰነድ፣ ለአናጺ አንድ የእንጨት ሥራ፣ ለጸሐፊ አንድ ደብዳቤ ሰጥቶ ይመልከት። ሥራው የማይፈልገውን የልምድ ዓመት ከማስታወቂያው ያውጣ። የቀረበለትን ደብዳቤ በተጻፈበት ስልክ ብቻ ሳይሆን ወደ ድርጅቱ ሄዶ ወይም በጡረታ መዝገብ ያጣራ። እውነቱን ጽፎ ለቀረበ ሰውም ጆሮ ይስጥ። ትንሽ ግን እውነተኛ ሲቪ ሁልጊዜ በትልቁ ሐሰት የሚሸነፍ ከሆነ፣ ወጣቱን ሐሰት ያስተማረው ቀጣሪው ነው።

ለማኅተም ባለቤቶችም፤ ላልሠራ ሰው የሥራ ልምድ መጻፍ እርዳታ አይደለም፤ የሌላውን ልጅ ዕድል መስጠት ነው። መርዳት የፈለገ ሰው ሦስት ወር ያሠራውና የሦስት ወር እውነተኛ ደብዳቤ ይጻፍለት። ያችን ደብዳቤ ልጁ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ቀና ብሎ ያቀርባታል፤ ከሲቪው ግርጌ ያለውን ቃልም ሳይፈራ ይፈርምበታል። በይፋት ይህን ማድረግ የሚችሉ ነጋዴዎች፣ ገበሬዎችና ባለሙያዎች ሞልተዋል። የሚጠየቁት ሰው እንዲያሠሩና የሠራውን እንዲመሰክሩለት ብቻ ነው።